የድቡ ቅዳሜዎች

እትዬ ደሚቱ አንገት ላይ፣ ከማተቧ ጋር፣ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በልደታ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከፍ ብሎ የተሰቀለው የቴሌቪዥን ሣጥን የሚከፈተው በሱ ነው። ሥራዋ ጽዳት ቢሆንም በዚህ ቁልፍ የተነሳ የሰፈሩ ልጆች ከቀበሌው ሊቀመንበር አብልጠው ያከብሯታል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሣጥኑን ትከፍትና ጥቁርና ነጩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲርገበገብ መጥረጊያዋን ተደግፋ በሐሳብ ጭልጥ ትላለች።

ግን ምን ያደርጋል፣ የሚመላለሰው አንድ የባሕር ማዶ ካርቱን ብቻ ነበር። ድብ የንብ ቀፎ ተሸክሞ ይሮጣል፣ ንቦቹ ያሳድዱታል፣ ይወድቃል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ መውደቁን ግን ሁሉም ያውቃል። ልጆቹ በቁመትም በውፍረትም የምትበልጣቸውን፣ መሰለች የምትባለውን ልጅ «ድብ» ብለው ሰየሟት። ካርቱኑ ሲያልቅ ንብ ሆነው እየቆነጠጡ እስከ ደጇ ይሸኟታል። ደሚቱ ብትቆጣ፣ ብትለምን፣ የሰማት የለም። በመጨረሻ መሰለች ወደ አዳራሹ መምጣቷን ተወች። ልጅን በአንድ ተረት ብቻ ማሳደግ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ብቻ ከማብላት አይሻልም ስትል ደሚቱ አሰበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድቡ ብቅ ሲል አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ ድምፁን አጠፋችው። ልጆቹ አጉረመረሙ።

ድቡ ሌባ አይደለም አለቻቸው። ጎርፍ እየመጣ ስለሆነ ቀፎውን ለንቦቹ ሊያሸሽላቸው ነው። ድቡ ወደቀ።

«ታዲያ ለምን አልነገራቸውም?» አለች ትንሿ ዙሃራ እንባዋ እየመጣ።

«ነግሯቸው ነበር። ቋንቋውን ማን ይስማለት?»

ከዚያ ወዲህ ድቡ አንድ ቅዳሜ የአብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ፣ ሌላ ቅዳሜ ሠርጉ የረፈደበት ሙሽራ ሆነ። ሥዕሉ ያው ነው፤ ታሪኩ ግን አይደገምም። ልጆቹም መቆንጠጡን ረስተው ድብ ለመሆን መጣላት ጀመሩ።

ይሄኔ ደሚቱ ራሷ መሰለች ቤት ሄደች። «ነይ እንጂ ልጄ፤ ያንቺን ድብ እየተሻሙበት ነው» አለቻት።

መሰለች መጣች። ካርቱኑ አልቆ ወደ ግቢው ሲወጡ ልጆቹ ድብነቱን በክብር ለቀቁላት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ዛሬ ንብ ልሁን» አለች።

እጆቿን ዘርግታ በምሽቱ ጭጋግ ውስጥ ግቢውን ዞረች። ያ የከበደ ገላ ቅልል አለ፤ መሬት የነካች አትመስልም ነበር። ደሚቱ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሣጥኑን መቆለፍ የረሳችው ያን ቀን ብቻ ነው።