የኑግ ዘይት የጠጣችው የስፌት መኪና

ልብስ ሰፊው ሷሊህ ጥፋት የማይገኝበት ሰው ነበር። መርፌ ከተሰበረ ጥፋቱ የመርፌው ነው፤ ሱሪ ከጠበበ የባለቤቱ ውፍረት ነው። በጃንሆይ ዘመን መካነ ሰላም ገበያ ዳር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያቺን በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪናውን ሲያስጮኻት ማን ይችለዋል! ከደሴ በበቅሎ ያስመጣት እሱ ነው፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘጋና የመኪናዋ ዘይት አለቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይታገሥ ነበር። እሱ ግን ከሚስቱ ከመድና ማጀት የኑግ ዘይት ቀድቶ በየቀዳዳዋ አንጠባጠበላት። «ዘይት ያው ዘይት ነው» አለ። አንድ ወር ያህል ሮጠችለት፤ እሱም ነገሩን ረሳው።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀር ሸክላ ሠሪዋ ንግሥቴ የልጇን ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቅ ይዛ መጣች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ይበላል እየተባለ ይፈራል። ንግሥቴ መዘውሩ ሲሽከረከር አይታ፣ «ውይ፣ እንዴት ትሮጣለች!» አለች። ዓይን እንዳይበላ የሚባለውን ማሻአላህ ማለቱን ዘነጋችው። ወዲያው መዘውሩ ቀጥ አለ።

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እያዩት ሷሊህ ረገጠ፣ ገፋ፣ ላብ አጠመቀው። አፈረ። ሲያፍር ደግሞ አፉ አያርፍም። «ምን ላርግ፣ ዓይን በላት!» አለና ወደ ንግሥቴ ዞረ። ንግሥቴ ጨርቋን እዚያው ጥላ ወጣች። በሚቀጥለው ገበያ ድስቷን የሚገዛ ጠፋ፤ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው በሩቁ ያልፏት ጀመር።

ሷሊህ መኪናዋን በጤና አዳም አሻት፤ ዱዓም አስደረገላት። ፍንክች አላለችም። ሲጨንቀው ነጭ ጋዝ ገዝቶ ሆዷን በካቻቢቴ ፈታ። ውስጧ ቢጫ ሙጫ ተጋግሮባታል። በጥፍሩ ፍቆ አሸተተው፤ ኑግ ነው። መድና አጠገቡ ቆማ ነበር። ሙጫውን አየች፤ እሱን አየችው። ሷሊህ እስከ ጆሮው ጋለ። እያንዳንዱን ቡሎን በነጭ ጋዝ እየነከረ ሲያጥብ ዋለ፤ መኪናዋ ጠራች፤ የእሱ ሐፍረት ግን በጋዝ የሚለቅ አልሆነም።

የንግሥቴን ልጅ ቀሚስ ሰፍቶ ይዞ ገበያ ወረደ። ማንም ባልቀረባቸው ድስቶቿ መካከል ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ተቀምጣለች።

«እትዬ ንግሥቴ፣ አፉ በይኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኔ ጥፋት ነው። ኑግ አጠጥቻት ነው የደረቀችው።»

«እኔማ እንዳልበላኋት መቼ ጠፋኝ» አለች ቀና ሳትል። «ለነሱ ንገራቸው።»

ሷሊህ ዞረ። የሰፋላቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። እንደዚያም ሆኖ ጮኸ።

«ስሙኝ ወገኖቼ! ወላሂ የሷ ዓይን አይደለም! የኑግ ዘይት ያጠጣኋት እኔ ነኝ! ዋሽቻለሁ!»

ገበያተኛው ወደ እሱ ዞረ። አንዲት ቅቤ ሻጭ አሮጊት ቅሏን ወደ ጉያዋ ሰብስባ ጎረቤቷን፣ «ያ ረቢ! እሱንም ያዘችው፤ እያስለፈለፈችው ነው» አለቻት።

ሷሊህ እንደገና ማለ። በማለ ቁጥር ሰዉ እያዘነለት ከንፈሩን መጠጠ። ንግሥቴ ድስቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።