የደጁ ፊት

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለዘመቻ መካነ ሰላም ከደረስኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ያሳደሩኝ እትዬ ገበያ ወርደዋል። ባለቤታቸው በክፉው ቀን እህል ፍለጋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሞተም ኖረም ያለ የለም። ስለዚህ አልቅሰው አልቀበሩት፣ ተስፋም አልቆረጡ።

ውለታቸውን በምን እንደምመልስ ሳስብ፣ በጭስ የጠቆረውን ግድግዳ ላሳምረው ብዬ አስፈቅጄ ነበር። «እንዳሻሽ ልጄ» አሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ጥገና የተረፈ ኖራ ለምኜ፣ ከገደሉ ሥር የቆፈርኩትን ቢጫ አፈር ጥቂት ጣል አደረግሁበት። አዲስ የተናጠ ቅቤ መሰለ። የውስጡን ቀብቼ ስጨርስ ብጥብጡ ተረፈ። እንዳይደፋ ብዬ የደጁንም ፊት ቀባሁት። እዚያ አገር በየመስከረሙ የደጁን ፊት የሚቀባው አባወራው ብቻ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ጎረቤታችን፣ ጨው ነጋዴዋ፣ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

«አንቺ ተማሪ! ሰውዬው መጣ እንዴ?»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ሳፍር እንደማደርገው ፈገግ አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ያ ጠማማ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም!» እልልታዋን እያቀለጠች ወደ ገበያው ተመለሰች። ልጠራት ስል መንገዱን ታጥፋ ሄዳ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ እየሮጡ መጡ። ዘንቢላቸው የለም፣ ነጠላቸው መሬት ይጎትታል። ሳያዩኝ አልፈውኝ ገቡ። ጓዳውን፣ መደቡን፣ በረቱን ሳይቀር ሲፈትሹ ሰማሁ። ከዚያ ወጡ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ነክተው ጣታቸውን አዩ። «እሱ እንኳ እንዲህ አያስተካክለውም ነበር» አሉና ሳቁ፤ ሳቅ መሆኑን ግን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ «በበሩ ዙሪያ በቀይ አፈር መስመር ያሰምር ነበር፣ ጠማማ መስመር። አሁን ቢመጣ የሰው ቤት መስሎት ያልፋል» አሉ።

«ልጠበው?»

«ተይው። ደክመሽበታል።»

ተይው ያሉት ከልባቸው ይሁን ለእኔ አዝነው አላወቅሁም። ማታ ሁለታችንም ያንን እንደ ቅቤ የሚያበራ ግድግዳ ላለማየት አንገታችንን ደፍተን እራት በላን። ደስ ሊያሰኝ የተቀባ ቀለም እንዴት እንዲህ እንደሚከብድ ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ጨርቅ በውኃ ነክሬ ወጣሁ። የበሩን ዙሪያ ብቻ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ኖራው ለቀቀ፤ ከሥሩ ደብዘዝ ያለው ቀይ መስመር ብቅ አለ፣ እንዳሉትም ጠማማ ነበር። ከመቃኑ ሥር ተነሥቼ ጉበኑን ዞሬ በዚያኛው መቃን እስከ ታች ድረስ ተከተልኩት።