የዘጋሁት ቫልቭ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሰው ገደልክ ወይ ብትሉኝ፣ አልገደልኩም። ግን አንድ አዛውንት የገዛ አእምሯቸውን እንዲጠራጠሩ ያደረግሁ እኔ ነኝ።

ጋሽ መኩሪያ የቀበና ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። የመተንፈሻ አየር ሲሊንደር በጀርባ መሸከሙን ወገባቸው እምቢ ካለ ቆይቷል። ሁለት ሲሊንደር በግራና በቀኝ ብብት ሥር አስሮ መጥለቅ እንደሚቻል በቪዲዮ አይቼ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነኝና ማንጠልጠያውን ራሴ ሰፋሁ፤ ማሰሪያውን ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቆረጥኩ። እሳቸውም እኔንና ሦስት ወጣቶችን እዚሁ የካ አንድ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ያስተምሩን ጀመር። አንዱ ሲሊንደር ቀሎ እንዳያዘነብለን አንዴ ከግራው፣ አንዴ ከቀኙ እንተነፍሳለን። ደስታቸው የልጅ ነበር።

አንድ ቀን ገንዳው ዳር እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ቫልቮች ዳሰሱና፣ «ግራ ክፍት፣ ቀኝ ክፍት» አሉ። ሰምቻለሁ። ከዚያ የቀኙ ሲሊንደር ተንጠልጥሎ ስላየሁ ላስቲኩን ላጠብቅ ተጠጋሁ። እኛ በያጆች የጋዝ ሲሊንደር ከመነካካታችን በፊት ቫልቩን እንዘጋለን። እጄ ሳያማክረኝ ዘጋው። እኔም መልሼ አልከፈትኩትም።

ውኃ ውስጥ ወደ ቀኙ ሲቀይሩ አንዴ ተነፈሱ፤ ከዚያ አየር የለም። ሳይደናገጡ ወደ ግራው ተመልሰው ወጡ። ቫልቩን ሲዳስሱት ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ከፍቼው አልነበር እንዴ? አይ መኩሪያ፣ አለቀልህ በቃ» አሉ።

ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔስ? እኔ ፎጣ አቀበልኳቸው! «የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብል ምን ነበረበት? በያጅ ሆኖ ቫልቭ ረሳ እንዳልባል ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ ዝም አልኩ።

ዳግመኛ ውኃ አልገቡም። የድሮ ጓዶቻቸውን ስም ከነአባታቸው የሚጠሩ ሰው፣ ዛሬ «ይረሳሉ» ተብለው ብቻቸውን ከቤት አይወጡም።

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ዳገት ላይ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አገኘኋቸው።

«አንተ፣ ያንን ቫልቭ ግን እንዴት ረሳሁት?» አሉኝ።

«ዕድሜ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የመጀመሪያውን የፍርሃት ዝምታ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ይህኛውን ግን ዓይናቸውን እያየሁ፣ በአፌ ተናገርኩት። ከእናንተ ምሕረት አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውንም አውቀዋለሁ። እስካሁን አልሄድኩም።