የእንግሊዞቹ የእሾህ አጥርና የስካይዌይ ጎመኔ

በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝ አገር ገጠር የምትኖረው ልጄ ሰናይት ወልዳ፣ “አባዬ፣ የልጅ ልጅህን አታይም?” ብላ ኮል አደረገችልኝ።

ሲያትል አጠገብ ካለው ሰፈሬ፣ ከስካይዌይ፣ ስነሳ ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፌ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት የሁላችንም ነበር፤ የፈለገ ይተክላል፣ የፈለገ ያቋርጣል። እኔ ጥንቸል ጎመኔን ጨረሰው ብዬ በሽቦ አጠርኩት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይነባ ወደ አውቶቡስ የሚያቋርጡበት መንገድ ተዘጋ። ሰላምታ ነሱኝ። የጎመኑን ዘር የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ቢሆንም አልነቅልም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት፣ መንደሩ ውስጥ

ጉም ነው። ሰናይት የሕፃኑን ጋሪ እየገፋች ወጣን። ከቁመቴ የሚበልጥ የእሾህ ቁጥቋጦ ሜዳውን ሁሉ ይከፋፍለዋል፤ ጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከወዲያ በኩል ላም ስትተነፍስ ይሰማል፣ ላሟ ግን አትታይም። በሕልሜ የምሄድ መሰለኝ።

አንድ ሽማግሌ ውሻ ይዘው መጡ።

“ይህን አጥር የተከለ እጁ ይባረክ በይልኝ” አልኳት።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም። ሰናይት አስተረጎመችልኝ።

“የተከሉት የእኔው ቅድመ አያቶች ናቸው ይሉሃል። ዱሮ ሜዳው የወል ግጦሽ ነበር፤ ድሀውም አንዲት ላሙን ይለቅበታል። በኋላ በሕግ ተከፋፍሎ ለባለጸጋ ሆነ። ባለጸጎቹም ቅድመ አያቶቻቸውን በቀን ሥራ ቀጥረው ይህን እሾህ አስተከሏቸው። ተክለው ሲጨርሱ ላማቸው ውጪ ቀረች።”

“ከዚያስ?”

“ሸጧት። የሰው መሬት አራሽ ሆነው ቀሩ፤ ሌላው ወደ ፋብሪካ ከተማ ሄደ። አንተስ አጥር ትወዳለህ ወይ ይሉሃል።”

“ጎመን አጥሬአለሁ በያቸው።”

“ከምን?”

“ከጥንቸል” አልኩ። የወይዘሮ ዘይነባን ነገር ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ መልስ

አውሮፕላን ላይ የሰጡኝን ፓስታ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ አንዲት ላም እያነከሰች ሽቦዬን ዙሪያውን ትዞራለች፤ በር ትፈልጋለች። በር አልሠራሁለትም። ሲያትል ስንደርስ ዝናብ ነበር። እኔ አጥር ሳጥር የማየው ውስጡን ብቻ ነበር፤ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይሄው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፒንሳ ይዤ ወጣሁ፤ ሽቦውን ቆረጥኩ፣ እንጨቱን ነቀልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ከበራቸው ቆመው ያያሉ።

“አቶ ደምሴ፣ ጥንቸሎቹ ይቅርታ ጠየቁዎት እንዴ?”

“ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ይለፉ።”

ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ አቋረጡ። አንዱን ጎመን ረገጡት። አየሁ፤ ሽቦውን መጠቅለሌን ቀጠልኩ።