አማቱ በዓይናቸው ያዩት ውድድር

መነጽር ሠሪው ብስክሌት ጋላቢ የሆነው በአንድ ደንበኛው ድንጋጤ ነው። ደንበኛው የሒሳብ መምህር ነበር፤ በወጣትነቱ ይወዳደርበት በነበረው ብስክሌት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ መነጽር ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው። ሰሌዳው ላይ ስምንቱን ሦስት እያለ ማንበብ ሲጀምር ተማሪዎቹ መከሩትና ወደ ሱቁ መጣ። መነጽሩ ተሠራለት፣ አደረገው፣ አመስግኖ በብስክሌቱ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የጭነት መኪኖች ይህን ያህል ተጠግተውት እንደሚያልፉ እስከዚያች ቀን ድረስ አያውቅም ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ከጠጣ በኋላ፣ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ካልሆነ ንቅንቅ እንደማይል ተናገረና ብስክሌቱን በመነጽሩ ዋጋ ለውጦ ሄደ።

መነጽር ሠሪው ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሌንስ ከሚሞርድበት ማሽን ፊት ተጎልቶ የሚውል፣ ረጋ ያለ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ ሰው ነው። ብስክሌቱን ሁለት ሳምንት ግድግዳ ተደግፎ ሲያየው ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ወጣበት፤ በጋው ሲገባ ደግሞ የከተማው የብስክሌት ክበብ አባል ሆነ።

ክበቡ አሥራ ሰባት አባላት አሉት። እሑድ እሑድ በማለዳ ከእሳት አደጋ ጣቢያው በር ተነሥተው እስከ ግድቡ ይሄዳሉ፤ በውኃ ማጠራቀሚያው ዳገት ዞረው ይመለሳሉ። ደርሶ መልሱ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ከፊት የሚመራቸው አንድ ቁመተ ሎጋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲሆን፣ ይህን መንገድ በሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። መነጽር ሠሪው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። እሱ ሲደርስ ሌሎቹ ታጥበው፣ በልተው፣ ግማሾቹም ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የክበቡ ዕቃ ቤት የሚቆለፈው ሁልጊዜ ከእሱ በኋላ ስለሆነ «በር ዝጋ» የሚል ስም ወጣለት። አልተቀየመም። እንዲያውም በርሱ ፍጥነት የሚሄድ ሰው የሚያየው ነገር ብዙ ነው፤ የጡብ ፋብሪካው ውሻ የትኛውን ጎማ እንደሚመርጥ፣ ነፋሱ በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚገለበጥ፣ የማን ሰንሰለት እንደወለቀና ባለቤቱ ምን ብሎ እንደተራገመ።

ይህን ሁሉ ማየቱ ሌላ ሥራ አመጣበት። የከተማው ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነበርና፣ የብስክሌቱን ወሬ ይጽፍለት የነበረው ሰው ከተማ ሲለቅ፣ በየሳምንቱ ሁለት መቶ ቃል እንዲጽፍለት ለመነው። መነጽር ሠሪው በአንድ ነገር ተስማማ፤ ስሙ እንዳይወጣ። ከወጣ ጋላቢዎቹ ሁሉ ሱቁ ድረስ እየመጡ ስለ ራሳቸው ጥሩ ጥሩውን ያስጽፉታል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ዜናው «ከብስክሌት ዘጋቢያችን» ተብሎ በአራተኛው ገጽ ይወጣ ጀመር። ምስጢሩን የሚያውቁት አዘጋጁና የመነጽር ሠሪው ሚስት ብቻ ነበሩ።

አማቱ አያውቁም። አማቱ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ግድግዳ የሚያልፍ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው ሲመጣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ማስታወቂያው ድረስ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ በተለይ አራተኛውን ገጽ። ዘጋቢው ደግሞ እሑዱን ሁሉ «ጋላቢዎቻችን ዘጠናውን ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አጠናቀቁ» እያለ ነበር የሚጽፈው። ውሸት አልነበረም፤ ከጋላቢዎቹ አንዱ በእርግጥ አጠናቋል። አማቱ ግን አማቻቸውን ጨምረው ነው የሚቆጥሩት። ለምን እሑድ እሑድ ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚገባ የጠየቃቸው ጎረቤት ካለ፣ እሱ ታላቃቸው ስለሆነ ሁሉንም ሸኝቶ ነው የሚመጣው ይላሉ። «በር ዝጋ» የሚለውንም ስም አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰምተው በራሳቸው ተረጎሙት። ለሌሎቹ በሩን ይዘጋባቸዋል ማለት ነው።

መነጽር ሠሪው ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ሾርባውን ይጠጣል። ሚስቱ ነገሩ ሥር ሳይሰድ ንገራት ብትለው፣ ነገ ነገ ይላል።

በጋው ሊያልቅ ሲል ክበቡ የመዝጊያ ውድድር እንደሚያደርግ ታወቀ። ይህ እንደ እሑዱ ሽርሽር አይደለም፤ ሰዓት ይያዛል፣ ደረጃ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ዜናውን የጻፈው ራሱ መነጽር ሠሪው ነው፣ ጮክ ብለው ያነበቡትም አማቱ። አንብበው ሲጨርሱ ዳገቱ ላይ ወንበር ይዘው ወጥተው እንደሚያዩት አስታወቁ። መንገዱ ሩቅ ነው ቢላቸው የጎረቤት መኪና አለ አሉ። ፀሐዩ ይበረታል ቢላቸው ጃንጥላ አለኝ አሉ። በዚያ ሳምንት የመነጽራቸው እግር ላልቶ ሱቁ መጥተው ሳለ፣ ብሎኗን እያጠበቀ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። አማቱ ጉንፋን ይዞሃል፣ ለውድድሩ እንዳትታመም ብለው ሎሚ ገዝተውለት ሄዱ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አማቱ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር በዳገቱ ሁለተኛ መታጠፊያ ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እያለከለከ አለፈ። ከዚያ ሌሎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ አንዳንዱም ብቻውን ተከተሉ። አማቱ ነገሩ አልጣማቸውም። ከሰው ጋር እንደተጣላ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል፤ ዞር ብሎ የሚያየው፣ አይዞህ የሚለው የለም። አሥራ ስድስት ሰው ቆጠሩ። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝንብ እንኳ አላለፈም።

በመጨረሻ ከታች መብራት ታየ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ በሞተር ብስክሌቱ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ከጎኑ መነጽር ሠሪው አለ። ከኋላው ቀይ ባንዲራ የሰቀለ የክበቡ መኪና፣ ከመኪናው ኋላ ደግሞ አምቡላንስ። አማቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አያችሁ?» አሉ ለጎረቤቶቻቸው። «እነዚያን ሁሉ አስቀድመው የሰደዷቸው መንገዱን እንዲያስለቅቁለት ነው።»

መነጽር ሠሪው አያቸው። አማቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ያጨበጭባሉ። ወርጄ ልናገር፣ ይብቃ ብሎ አስቦም ነበር፤ ግን በዚያ ዳገት ላይ አንዴ ከቆሙ እንደገና መነሣት የለም። ፖሊሱ፣ እሱም ሰልችቶት ነው መሰለኝ፣ ቤተሰብ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። ናቸው አለና ፔዳሉን ረገጠ። አማቱ ከዚህ በላይ ምን አያለሁ ብለው መድረሻው ጋ ሳይሄዱ ወደ ቤት ተመለሱ። ሲመሽ ወሬውን ለአሥራ አንድ ቤት አዳርሰው ነበር።

መነጽር ሠሪው ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ዜናውን ጻፈ። አፌ እንቢ ካለ እጄ ይናገር ብሎ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ የገባው መነጽር ሠሪው ነው፣ ከአሸናፊውም በሰባ ስምንት ደቂቃ ዘግይቷል ብሎ ጨመረ። ቅዳሜ ያነቡታል፣ ይገባቸዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል ብሎ ተስፋ አደረገ። ቅዳሜ ግን ማልዶ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ሲነበብ ለመስማት ወኔው አልነበረውም።

አማቱ አነበቡ። ቆም አሉ። መጨረሻዋን መስመር ደግመው አነበቧት። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ጫማቸውን አደረጉ፤ ልጃቸው የት ነው እያለች ወጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሱቁ ስልክ ጮኸ። አዘጋጁ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

«አማትህ እዚህ ናቸው።»

«ምን ፈልገው?»

«ዘጋቢውን እንዳባርርላቸው። ዓይን የሌለው ሰው ነው፣ እኔ ቆሜ ያየሁትን ገልብጦ ጻፈ ይላሉ። ማስተካከያ አውጣ ብለው ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል። ቶሎ ና።»

መነጽር ሠሪው ሱቁን ቆለፈና በብስክሌቱ በረረ። በበጋው ሁሉ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም፤ ሰዓት የያዘለት ሰው ግን አልነበረም። ሲገባ አማቱ በእርግጥ የአዘጋጁ ወንበር ላይ ናቸው፤ አዘጋጁ ደግሞ እንደ ባለጉዳይ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሟል።

«እማማ፣» አለ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ «ዘጋቢው እኔ ነኝ።»

አማቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አንተ?»

«እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እውነት ነው። የመጨረሻ ነበርኩ።»

«ከኋላህ የነበረው መኪናስ?»

«ደክሞት የቀረውን የሚለቅም ነው።»

«አምቡላንሱስ?»

«እሱም ብወድቅ ተብሎ ነው።»

«ፖሊሱ?»

«መንገዱን ለመክፈት የሚጠብቀው እኔን ብቻ ነበር።»

አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

«እኔ በዚህ ነው ያየሁት። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ብስክሌት አትችልም፣ ወይ መነጽር አትችልም። ምረጥ።»

መነጽር ሠሪው ሱቁን አሰበ፣ ደንበኞቹን አሰበ፣ የማይችለው ብስክሌት መሆኑን ተናገረ። አዘጋጁ ወረቀት የረሳ መስሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሳቁ ግን በበሩ ሥር ገባ።

አማቱ ሦስት ቀን አላናገሩትም። ማዕድ ላይ ጨው ሲፈልጉ እንኳ በልጃቸው በኩል ነበር የሚጠይቁት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ፤ የመጨረሻ በመሆኑ ሳይሆን፣ እሳቸው በየቤቱ ሲያሞግሱት ዝም ብሎ በመስማቱ። በአራተኛው ቀን ሱቁ መጡና የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጡ። በማዞሪያ ሥራቸው ቁጥር ተሳስተው ሰው ያገናኙ እንደሆነ፣ ስህተቱን የሚያርመው ያገናኘው ሰው ራሱ መሆኑን ነገሩት። አሥራ አንዱንም ቤት ወሬውን እያረሙ ዞረው ጨርሰዋል። ጎረቤቶቹ ምን አሉ ቢላቸው፣ ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ቀድሞም አውቀን ነበር አለ አሉት። እሳቸውን ያናደዳቸው ሁለተኛው ወገን ነው።

«እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው፣» አሉ ሲነሡ። «የመጨረሻ ከሆንክ ሁን። ግን ዳገቱ እንዴት እንደነበረ ምነው ሳትጽፍ? አንዲት መስመር። ጋልበህ ይውጣው ወይስ እየገፋህ እንኳ አይታወቅም።»

ይህን አዘጋጁ ሰማ። አማቱን አስጠርቶ ከዳገቱ ላይ ያዩትን እንዲጽፉ ለመናቸው። እሳቸው ጽሕፈቱ አይሆንላቸውም፤ በስልክ ነገሩት፣ እሱ ጻፈ። ወጣ፣ ተወደደ፤ በየሱቁ ሲነበብ ዋለ። መነጽር ሠሪው ራሱ አንብቦ የዘጋቢነቱን ሥራ ቢለቅ እንደሚሻል ገባው። በሚቀጥለው በጋ የጋዜጣው የብስክሌት ዘጋቢ አማቱ ሆኑ።

ችግሩ የተቀመጡበት ቦታ ነው። ክበቡ ለዘጋቢዋ የሚሰጠው ሌላ መኪና ስለሌለው፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ እሑድ እሑድም በሚከተላቸው ለቃሚ መኪና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ የሚታየው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ በጋ የከተማው የብስክሌት ዜና ሁሉ የአንድ መነጽር ሠሪ ዜና ሆነ፤ የት ጋ ውኃ እንደጠጣ፣ የጡብ ፋብሪካው ውሻ እንዴት እንዳከበረው፣ በዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ ሊወርድ ቃጥቶት እንደተወው። በመጨረሻ አንዲት መስመር ትገባለች፤ «የእሳት አደጋ ሠራተኛውም ገብቷል።»

የእሳት አደጋ ሠራተኛው አምስት እሑድ ታገሠ። በስድስተኛው ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ መነጽር ሳያስፈልገው ፍሬሞቹን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ እናቴ ጋዜጣ እየቆረጠች ታስቀምጥ ነበር፣ ዘንድሮ የምትቆርጠው አጣች አለ። መነጽር ሠሪው አዘነለት፤ ግን ዘጋቢዋን የሚያዝ ማን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰውየው የራሱን ዘዴ ዘየደ። ሁሉም ወደፊት ሲወነጨፍ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ከመነጽር ሠሪው ጎን ሆኖ፣ ከለቃሚው መኪና ፊት፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዘጠናውን ኪሎ ሜትር አብሮ ተጓዘ። ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ ስለ እሳትም ስለ ዓይንም ብዙ ተጨዋወቱ። መድረሻው አጠገብ ሲደርሱ ከኋላ የመኪናው መስኮት ተከፈተና ያ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ፣ አንዴ ብቻ፣ «በለው ልጄ!» አለ። መነጽር ሠሪው ሳያስበው ከኮርቻው ተነሥቶ ረገጠ። በግማሽ ጎማ ቀደመ።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ። መነጽር ሠሪው አሥራ ስድስተኛ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ረጅም ሰው መንገዱን ሁሉ ከጎኑ እየሄደ በወሬ ሊያዘናጋው እንደሞከረ፣ እንዳልተሳካለትም ተጽፏል። የሰውየው እናት ቆርጠው አስቀመጡት።