ቅቤ የማይወድ ቺንጋ

ባለፈው ክረምት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ወፍጮ ቤት በቆሎ ላስፈጭ ሄጄ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወፍጮው ቆሟል። ቺንጋው፣ ያ የሞተሩን ዙር ወደ ወፍጮው የሚያሻግረው ጥቁር ቀበቶ፣ ተንሸራቶበት ባለወፍጮው ሞተሩን ይሳደባል። ሌሎቹ ሴቶች እየተነጫነጩ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዱ። እኔን ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንዲሉ፣ ያ ሽታ እጄን ይዞ ዴዴሳ ወንዝ ዳር ወሰደኝና ኦቦ ፉፋ ይነዳው የነበረው ጀልባ ላይ አስቀመጠኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደለው፤ የቅቤ ሽታ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ድልድዩ ሳይሠራ፣ ከእኛ መንደር ነቀምቴ የሚሄድ ሰው ዴዴሳን የሚሻገረው በጀልባ ነበር። አባቴ የጎጃም ሰው ነው። ቡና የጫኑ መኪናዎችና አጋሰሶች የሚፈተሹበት ኬላ ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረና እናቴን ዘነቡን አምጥቶ እዚያው ቆላ ውስጥ ጎጆ ወጣ። ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፣ ማታ ደግሞ የወባ ትንኝ አያስተኛም። ወንዙ በበጋ ከልጆች ጋር የሚጫወት የዋህ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እያንከባለለ ይወርዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጀልባው የአንድ የነቀምቴ ነጋዴ ነበር። ሞተሩ ለጀልባ የተሠራ አልነበረም፤ ሲሬ ውስጥ እህል ሲያስፈጭ የኖረ የወፍጮ ሞተር ነው። ነጋዴው ገዝቶ ጀልባው ሆድ ውስጥ አስቀመጠውና ውሃውን ከሚገፋው ማራገቢያ ጋር በቺንጋ አጋባው። ያ ጋብቻ እንዳይፈርስ የሚጠብቀው ሽማግሌ ኦቦ ፉፋ ነበር።

ኦቦ ፉፋ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ጋምቤላ ወርዶ፣ ቡና ወደ ሱዳን በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ ሲሠራ ነው ሞተር የለመደው። ከዚያ ይዞት የመጣውን የካኪ ኮት ሙቀቱም አያስወልቀውም፤ ኪሱ ውስጥ ጠፍርና ወስፌ አይጠፋም። ከመነሳቱ በፊት የማይተዋት አንድ ልማድ ነበረችው። መዳፉን ቺንጋው ላይ አሳርፎ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ይዳስሰዋል። መንገደኛው ቢጮህ፣ በቅሎው ቢደነብር፣ ሳይዳስስ አይነሳም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያንን እጅ ማየት እወድ ነበር።

የቺንጋ ነገር ከተነሳ አፉ ይፈታል። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ የምታዞረውን ቀጭኗን የጎማ ቺንጋ እያሳየ፣ "ይቺ በሆዷ አትሠራም፤ መዘውሩ ቦይ ውስጥ ገብታ በጎንና በጎኗ ነው የምትይዘው። ከተበጠሰች አትቀጠልም፤ ሌላ መፈለግ ነው" ይለኛል። ትልቁ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው፣ ከበሬ ቆዳ የተሠራ ጠፍጣፋ ቺንጋ ነበር። እሱ ሲለጠጥ ተቆርጦ በጠፍር ይሰፋል፣ ሲበጠስም ወንዙ መሀል እንኳ ይጠገናል። ድክመቱ ውሃ ሲነካው መስነፉ፣ ሲደርቅ ደግሞ መሰንጠቁ ነው።

ያ የቆዳ ቺንጋ የእናቱ የአኮ ቃኖ ነበር ማለት ይቻላል። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ አኮ ይላታል። ክረምት ሊገባ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር፣ በቅል ለጋ ቅቤ ይዛ፣ እርጥብ ሳር ጨብጣ ወደ ጀልባው ትወርዳለች። ሳሩን ጀልባው አፍንጫ ላይ ታስራለች። ከዚያ የሙሽራ ጸጉር እንደምትቀባ ቺንጋውን ቅቤ እያስነካች ትመርቃለች፤ ሰዉ እጁን ዘርግቶ "ሃ ተኡ፣ ይሁን፣ ይሁን" ይላል። ጀልባው ሰው ገድሎ ስለማያውቅ የጠበቀን የአኮ ቅቤ ነው ይባል ነበር። ኦቦ ፉፋም አይቃወምም። "ቆዳ ከብት ነበር፤ ቅቤ ያውቃል" ይለኛል። "ጥቂት ሲነካው ይለሰልሳል፣ አይሰነጠቅም። እናቴ ሳታውቀው ሜካኒክ ናት።"

አንድ ዓመት ነጋዴው ከአዲስ አበባ አዲስ ቺንጋ አስመጣ። ሸራና ጎማ ተደራርቦ የተሠራ፣ እንደ ቆዳው ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ነገር። ውሃ አይፈራም፣ ቶሎም አይለጠጥም። ኦቦ ፉፋ ወደደው። አሮጌውን ጠቅልሎ መቀመጫው ሥር ካለው ሳጥን ከተተው። አኮ ቃኖ እንደ ልማዷ ቅሏን ይዛ ስትወርድ ግን መንገድ ላይ አስቆማት።

"ሃደ ኮ፣ እናቴ፣ ይኼኛው ቅቤ አይወድም። ጎማ የዛፍ ወተት ነው። ቅቤ ከነካው ይንሸራተታል፤ ውሎ አድሮም ይበላሻል።"

"ቅቤ የማይወድ ምን ፍጥረት አለ?" አለች አኮ። "የማትወደው አንተ ነህ። ከጸሎት ቤት ሰዎች ጋር ከገጠምክ ወዲህ ምርቃቴ አሳፈረህ።"

እውነትም ኦቦ ፉፋ በዚያ ሰሞን ወንጌል ተቀብሎ እሑድ እሑድ መዘመር ጀምሮ ነበር። እሱ የሚያወራው ስለ ጎማ፣ እሷ የሰማችው ስለ እምነት ነው። ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለላት። "እኔን ቀቢኝ፤ ራሴን ቀቢው። ቺንጋውን ብቻ ተዪው" አላት። አልቀባችውም። ቅሏን ታቅፋ አቀበቱን ስትመለስ ከኋላዋ አይቻታለሁ፤ በአንድ ቀን ያረጀች ነበር የምትመስለው። አሳዘነችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሜን ይልማን ወባ ጣለው። ኪኒኑ አልያዘለትም። አንድ ጠዋት ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ፣ ዓይኑም ይገለበጥ ጀመር። አባቴ ለሥራ ጊምቢ ሄዷል። እናቴ ልጁን ታቅፋ ወደ ወንዙ ሮጠች፤ እኔ ነጠላዋን ይዤ ተከተልኳት። ጀልባው አጠገብ አኮ ቃኖ ብቻዋን ቆማለች። እጇ በቅቤ ወዝቷል። ስታየን ደንገጥ አለች፤ ልጁን ስታይ ግን ሌላውን ሁሉ ረሳች። እጇ ላይ የተረፈውን ቅቤ ግንባሩ ላይ ቀባችው።

"ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ። እግዜር ይጠብቅህ፣ ድነህ ተመለስ" አለችው።

ማዶ ነቀምቴ የሚሄደው ኤንትሬ መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ኦቦ ፉፋ ከጥቂት መንገደኞች ጋር እየሮጠ ደረሰ።

"ቶሎ፣ ኦቦ ፉፋ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!" አለች እናቴ።

"ግቡ፣ አዴ ዘነቡ፣ ግቡ!"

ሞተሩን አስነሳ። ቺንጋውን አልዳሰሰም። እኔ ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ ሳይዳስስ የተነሳው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ለእኛ ብሎ።

ወንዙ መሀል ስንደርስ ቺንጋው ጮኸ። ሞተሩ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ማራገቢያው ግን ቆሟል። ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ጎማ፣ ከሥሩ ደግሞ የተቃጠለ ቅቤ ሸተተኝ። ኦቦ ፉፋ ሞተሩን አጥፍቶ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ መዳፉን አሸተተው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ኮቱን አውልቆ ጎማውን ወለወለው፤ ቅቤው አልለቀቀም። ጀልባው አፍንጫውን አዙሮ ቁልቁል መሄድ ጀምሯል፤ መንገደኞቹ ማርያምንም ዋቃንም ይጠራሉ። እናቴ ልጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ግንባሩን ትስመዋለች። ኦቦ ፉፋ ጎማውን አውልቆ ከሳጥኑ ውስጥ አሮጌውን ቆዳ አወጣ፤ በሁለቱ መዘውሮች ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፍና ጫፉን በጠፍር ሰፋው። ቆዳው ያዘ። ከመሻገሪያው በብዙ ርቀት፣ መንገድ በሌለበት ሳር መሀል ዳር ወጣን።

ይልማን በቃሬዛ ተሸክመው መንገዱ ላይ ሲያደርሱት ኤንትሬው ሄዷል። ሌላ መኪና እስኪመጣ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ነቀምቴ ስንደርስ ሐኪሙ ልጁን አየና፣ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን..." አለ። ይልማ በእናቴ እቅፍ ውስጥ አረፈ።

አባቴ ሲመለስ ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ሰው ፈለገ። "እከሰዋለሁ! ወህኒ አወርደዋለሁ!" አለ። ኦቦ ፉፋ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆመ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ቺንጋውን ሳልዳስስ ተነሳሁ" አለ። ስለ ቅቤ አንዲት ቃል አልወጣውም። እናቱ እዚያው ከለቀስተኞቹ መሀል ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ከጥግ ሆኜ አፉን አፉን አየዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ከክሱ ያዳነችው እናቴ ናት። "ተው። ሰው ብታሳስር ይልማ አይመለስም" አለችው አባቴን። ሐዘን አድክሟት ነው ብዬ ነበር።

ኦቦ ፉፋ ጎማውን ለነጋዴው መልሶ በአሮጌው ቆዳ መሥራት ቀጠለ። አኮ ቃኖም ክረምት በመጣ ቁጥር ቅሏን ይዛ ትወርዳለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ "ሃ ተኡ" ይላል። "ያን ቀን ቅቤዬ ባይኖር አንድ ሰው አይተርፍም ነበር" ትል ነበር አኮ፤ ደጋግማ፣ ለሰው ሁሉ። እሱ ራሱን ይነቀንቅላታል። ያንን መስማት እንዴት እንደቻለው ዛሬም አይገባኝም። እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

አኮ ቃኖ በደህና እርጅና ሞተች። ለቅሶ ስንደርስ ኦቦ ፉፋ ከመደቡ ተነሳልን። እናቴ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"ኦቦ ፉፋ፣ ይልማን ስንገንዘው ግንባሩ ያንኑ ቅቤ ይሸት ነበር። ጀልባው ላይ የሸተተኝን።"

አንገቱን ደፋ።

"እጇ ላይ የተረፈውን ነው ለልጄ የቀባችው። የመረቀውን እጅ እንዴት ብዬ ልክሰስ?"

ኦቦ ፉፋ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ለቀስተኛው ለእናቱ መሰለው፤ ተከትሎት አለቀሰ።

ኋላ ድልድዩ ተሠራና ጀልባው ዳር ላይ በሰበሰ። እኔ አግብቼ ወደ ነቀምቴ ስወጣ ኦቦ ፉፋ የቆዳውን ቺንጋ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "አንቺም ሸቶሽ ነበር" አለኝ። ዛሬ ቺንጋው ከቤቴ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ልጆቼ ጣዪው ይሉኛል። ክረምት ሊገባ ሲል አወርደውና በጣቴ ጥቂት ቅቤ አስነካዋለሁ። ቆዳ ነው፤ ቅቤ ይወዳል።