ፊደል የማያውቀው ፕሮግራም

አሰላ ውስጥ ያለ አንድ የምርጥ ዘር መጋዘን የድሮ ፕሮግራሙን እንድቀይርለት ቀጠረኝ። የሠሩት ጋሽ ከተማ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው። ስክሪኑ ላይ መስኮቶቹንና ቁልፎቹን የሚስለው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ቱልኪቱ፣ ዊንዶውስም ላይ ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ከማርጀቱ የተነሳ አማርኛ አያውቅም። ፊደል ሲሰጡት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ጋሽ ከተማ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት።

አዲሱን ጨርሼ ዘር ለምታከፋፍለው ለዘይነባ ባሳያት ደስ አላላትም።

«ይሄ ሰላም አይልም እንዴ?»

«የቱ ነው ሰላም የሚለው?»

«የድሮው ነዋ! ጠዋት ስከፍተው ‹ዘይነባ፣ እንደምን አደርሽ› ይለኛል። ‹አልሐምዱሊላህ› ሳልለው ሥራ ጀምሬ አላውቅም።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በአማርኛ ነዋ! እንግሊዝኛውንማ ቁልፎቹን በቦታቸው ነው የማውቃቸው።»

ሳቄን ዋጥኩት። ቅር እንዳይላት ብዬ ሰላምታውን ወደ አዲሱ ላዛውረው የድሮውን ኮድ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። እንዲህ የሚል መስመር የለም።

በማግስቱ ዘይነባ በቆጂ ለቅሶ ሄዳ ቀረች። ከኢተያ የመጡ ገበሬዎች ዘር ለመውሰድ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አዲሱ ደግሞ ገና አልተጫነም። የድሮውን እኔው ከፈትኩት።

መሐል ላይ ግራጫ ሳጥን ብቅ አለ። ጥርት ባለ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ዘይነባ ዛሬ ምነው ቀረች? ደህና አይደለችም?»

ገበሬዎቹ ያዩኛል።

«ለቅሶ ሄዳ ነው፣ ጋሽ ከተማ» አልኩ።